ከቦርከና ሜዳ እስከ ሐረጎ ዳገት፦ በብስክሌትና በማዕድ ክብደት የመቀነስ መመሪያ

94 ኪሎ መሆኔን የነገረኝ ሐኪም አይደለም። ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን ክብደት የሚለካ ልጅ ነው። ቁጥሩን መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ አነበበልኝና ሳልጠይቀው «ጋሼ፣ ሚዛኑ ትክክል ነው» ብሎ ጨመረበት። ከአሥር ወር በኋላ እዚያው ልጅ ሚዛን ላይ ስወጣ 81 ኪሎ ነበርኩ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል አንድ አሮጌ ብስክሌት፣ የቦርከና ሸለቆ መንገድና ከእናቴ ጋር ያደረግሁት ረጅም ድርድር አለ። አካሄዱን በቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ፤ የተሳሳትኩበትንም አልደብቅም።

አስቀድሞ አንድ ማሳሰቢያ። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል፤ መድኃኒቱ እንደነበረ ሆኖ ምግቡ ከቀነሰ ስኳሩ ድንገት ወርዶ መንገድ ላይ ሊጥል ይችላል። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ከሆኑም ይህ ጊዜው አይደለም።

እርምጃ 1፦ ከብስክሌቱ በፊት ሒሳቡ

እኔ ብስክሌት የገዛሁት ሒሳብ ሳልሠራ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ነዳሁ፤ ላብ በላብ ሆኜ እየተመለስኩ «ዛሬማ ይገባኛል» እያልኩ በላሁ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ 95 ኪሎ ገባሁ። ልጁ ቁጥሩን ሲያነብ በዚያን ቀን ድምፁን ዝቅ አደረገልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት አንድ ሰዓት ሜዳ ላይ ቢነዳ 540 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ቤቱ ቁጭ ብሎም ቢሆን የሚያቃጥለውን ስንቀንስ ከመንዳቱ ያተረፈው 460 ያህል ነው። በሳምንት ሦስት ሰዓት ከነዳ 1,400 ካሎሪ ግድም ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ስለዚህ የሳምንቱ ልፋት ሁሉ 200 ግራም እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ረከቦቱ እንምጣ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ለጥ ብሎ ሲሰፈር 4 ግራም ነው፤ 16 ካሎሪ አለው። የእኛ ማንኪያ ለጥ ብሎ እንደማይሰፈር ሁላችንም እናውቃለን፤ ለጊዜው ግን እንደዚያ እንቁጠረው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ሲጨመር 96 ካሎሪ ነው። በቀን ሁለት ሻይ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ፦ ሌላ 96። ከሰዓት በኋላ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ፦ 125 ገደማ። በቀን 320 የሚጠጋ፣ በሳምንት ከ2,200 በላይ ማለት ነው። ይህን ሳነጻጽር ደነገጥኩ። ሦስት ሰዓት ቦርከና ዳር ለዳር ስለፋ የማገኘውን ያህል በማንኪያ መልሼ፣ ጨምሬም እጠጣው ነበር።

ዘይቱ ይቀጥላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። ወጡ ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢቀነስ በሳምንት ወደ 1,700 ካሎሪ ይጠጋል። ሦስቱን ደምሩ፦ ብስክሌቱ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ። በወረቀት ላይ በሳምንት 700 ግራም ገደማ ይወጣል። እኔ በተግባር ያገኘሁት 400 ግራም ነው፤ ወረቀቱ ሰርግና ዝክር አያውቅም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። መጀመሪያ ስኳርና ዘይት፣ ቀጥሎ ብስክሌት።

እርምጃ 2፦ መነሻዎን ይለኩ

ሁልጊዜ አንድ ሚዛን፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ይጠቀሙ፦ ለምሳሌ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበሉ። በየቀኑ መመዘን ሊያበሳጭ ይችላል፤ ጨው የበዛበት ራት ብቻውን ውሃ አስይዞ አንድ ኪሎ ሊያሳይ ይችላል። ከሚዛኑ ይልቅ እኔ የማምነው ክር ነው። በእምብርትዎ ዙሪያ ክር ያዙሩ፣ ትንፋሽ አውጥተው ይቁረጡት፣ ርዝመቱን በሜትር ይለኩ። ለወንድ ከ102 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ88 በላይ ከሆነ የልብና የስኳር ሕመም ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። ክሩን አይጣሉት። በየወሩ አዲስ ክር ቆርጠው ከቀድሞው ጎን ያስቀምጡ፤ ሚዛኑ በሚቆምበት ወር እንኳ ክሩ ሊያጥር ይችላል።

እርምጃ 3፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ማዕድ ላይ ብቻ

ስኳሩን በአንድ ቀን አልተውኩትም። ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ፣ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ባዶ። እናቴ ቡናዋን በጨው ነው የምትጠጣው፤ ስኳር መተዌን ስትሰማ ጨው አቀረበችልኝ። ግፊት ላለበት ይህ መድኃኒት አይደለም፤ ቡና ለብቻው ይጠጣል። ጥሩ የተቆላ ከሆነ ደግሞ ምንም አይጎድለውም።

ቀሪቦንም አይርሱ። አልኮል ስለሌለው ብቻ ቀላል መጠጥ አድርገን እንቆጥረዋለን፤ ግን ጣፋጭነቱ ከስኳር ነው። ብርዝም ማር ነው። ለበዓል ይሁን፣ ለየቀኑ ውሃ። ጫት ይዞ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ካለ የእሱ ችግር ከቅጠሉ ጋር የሚጠጣው ለስላሳና ጣፋጭ ሻይ፣ ከዚያም እኩለ ሌሊት ላይ የሚመጣው ረሃብ ነው። ቀኑን ምግብ ስላልበላ የሚከሳ ይመስለዋል፤ ሌሊት ሁሉንም ይመልሰዋል።

ለዘይት አንድ ብልሃት አለ። ከጠርሙስ በቀጥታ አይቅዱ፤ የሳምንቱን ዘይት በአንድ ትንሽ ጠርሙስ ለይተው ያስቀምጡ። ሲያልቅ አለቀ። ቀይ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ ካበሰሉት በኋላ ዘይቱን ቢጨምሩ ግማሹ ይበቃል። ባለቤቴ ይህን የተቀበለችው ሁለት ጊዜ ቀምሳ ነው፤ ሦስተኛው ላይ የራሷ ሐሳብ ሆነ።

ወደ እንጀራው ስመጣ የምሰማው ክርክር አለ፦ የማሽላ ይሻላል፣ የጤፍ ይሻላል። የማሽላ እንጀራ አያከሳም፣ የጤፍም ለይቶ አያወፍርም፤ በካሎሪ ይቀራረባሉ። የሚለያየው ብዛቱ ነው። ችግሩ ደግሞ የጋራ ማዕድ ላይ ብዛት አይታወቅም። ትሪው በጭማሪ ሲሞላ አንድ በላሁ ያለ ሰው ሁለት ተኩል ጨርሶ ይነሳል። መፍትሔው ብቻ መብላት አይደለም፤ እኛ ዘንድ ብቻውን የሚበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተኳርፏል። እኔ የማደርገው ትሪው ላይ በእኔ በኩል አንድ እንጀራ አስቀምጦ ከእሱ አለማለፍ ነው። ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ቃሪያውን በርከት አደርጋለሁ። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ እንቁላልና አይብ ፕሮቲን ስላላቸው ጠግቦ ያቆያሉ፤ ክብደት ሲቀንስ ጡንቻ አብሮ እንዳይሄድም ያግዛሉ። ለመክሰስ ከቆሎ ይልቅ ንፍሮ እመርጣለሁ። ንፍሮ ውሃ ጠጥቶ ስላበጠ በትንሽ ካሎሪ ሆድ ይሞላል፤ ደረቅ ቆሎ ግን 100 ግራሙ ከ350 ካሎሪ በላይ ነው፤ ጨዋታ ከደራ ደግሞ ሁለት መቶው ሳይታወቅ ያልቃል።

እናቴ የዚህ ሁሉ ፈተና ነበረች። «ምነው ልጄ፣ አመድ መሰልክ እኮ፤ የደበቅኸኝ በሽታ አለ?» አለችኝ ገና አራት ኪሎ ስቀንስ። እኛ አገር መወፈር «አማረብህ» የሚያሰኝ፣ መክሳት ደግሞ ጎረቤት የሚያስጠይቅ ነገር ነው። «አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ» ትላለች፤ ተቀብዬ ስጨርስ «አንድ ያጣላል» ብላ ሁለተኛዋን ትጠቀልላለች። መቃወሙ አላዋጣም። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ሁለቱን ጉርሻ እበላለሁ፣ ግን የምትጠቀልለው ከእኔ እንጀራ ቆርሳ ነው። እሷ አጎረሰች፣ እኔም ከድርሻዬ አላለፍኩም። ለሰርግ፣ ለሰደቃና ለዝክርም መመሪያዬ ይኸው ነው፦ እምቢ አይበሉ፤ ከራስዎ በኩል ይብሉ፣ ቀስ ብለው ይብሉ፣ ጭማሪ ይዛ የምትዞረውን ሴት ሲያዩ እጅዎን እንጀራው ላይ ያድርጉ።

እርምጃ 4፦ ብስክሌቱ

አዲስ መሆን የለበትም። ያገለገለ ሲገዙ ግን ሻጩ ፊት ይንዱት። እኔ የገዛሁት ብስክሌት ቀለሙ ያብረቀርቅ ነበር፤ የኋላው ፍሬን ግን የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ እጄ ላይ ቀረ። የዳንኩት ከመንገድ ዳር በነበረ የገለባ ክምር ነው። ስለዚህ በተራ እያንዳንዱን ፍሬን ጨብጠው ብስክሌቱን ወደፊት ይግፉት፤ ጎማው መንሸራተት እንጂ መዞር የለበትም። መንኮራኩሩን አንሥተው ያሽከርክሩት፤ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ዋጋ ያስቀንሱ። ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው አንድ ማርሽ ይበቃዋል ማለት ይቻላል። ደሴ ለሚኖር ግን ማርሽ የሌለው ብስክሌት የሚገፋ እንጂ የሚነዳ ዕቃ አይደለም።

ጉልበት የሚያሳምመው በአብዛኛው ዝቅ ያለ መቀመጫ ነው። መቀመጫው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ያድርጉ፤ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ ሲነዱ በጣትዎ ሥር ባለው የእግር ክፍል ስለሚረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እጥፍ እንዳለ ይቀራል፤ ልኩ ያ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈውን የነፋስ መጠን ለጎሚስታው ያሳዩት። የላላ ጎማ ከባድ ነው፤ ካላማዳሪም ቶሎ ይበሳል። ሰንሰለቱን በሁለት ሳምንት አንዴ በጨርቅ ጠርገው ዘይት ያጠጡት፤ ከወጡ የቀነሱት ዘይት ግን ለዚህ አይሆንም፣ የሞተር ዘይት ይሁን።

ሄልሜትና ከኋላ የሚታይ አንጸባራቂ ነገር የግድ ነው። ቀሚስ ወይም ሽርጥ የለበሰ ሰው የሰንሰለት መከለያ ያለው ብስክሌት ይፈልግ። ሴት ብስክሌት ላይ ስትወጣ የሚያፈጥ ዓይን እንዳለ እህቴ በሚገባ ነግራኛለች። እሷ ከጓደኛዋ ጋር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መውጣት ጀመረች፤ በሦስተኛው ሳምንት የሚያፈጡት ሰዎች ሰላምታ ይሰጧት ጀመር።

እርምጃ 5፦ መንገድ መምረጥ

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ሐረጎ አለ። ጀማሪ ሆነው ሐረጎን አይሞክሩ። እኔ በአራተኛው ቀን ሞከርኩት፤ ብስክሌቴን አይሱዙ ላይ ጭኜ ተመለስኩ።

ኮምቦልቻና አካባቢው ላሉ የከተማው ሜዳማ ክፍል ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተስማሚ ነው። ወደ ሐርቡ የሚወስደው መንገድ ግን ያታልላል። ቦርከናን ተከትሎ ቀስ እያለ ስለሚወርድ ሲሄዱ ጉልበታም የሆኑ ይመስልዎታል፤ ሲመለሱ ያ ሁሉ ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ ከጉልበትዎ ሲሶ ሲያልቅ ይመለሱ እንጂ ግማሹ ሲያልቅ አይሁን። ይህ መንገድም ሆነ ወደ ባቲ የሚታጠፈው የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ የጅቡቲ ጭነት በዚያ ያልፋል። በማለዳ ይውጡ፣ ቀኝዎን ይያዙ፣ ጆሮ ማዳመጫ አያድርጉ።

ደሴ ላሉ ምክሬ ብስክሌቱን እየገፉ ከከተማው ዳገት ወጥተው ቦሩ ሜዳ ላይ መንዳት ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ያ ሰፊ ሜዳ ዛሬ ለእርስዎ ጉልበት ጥሩ መለማመጃ ነው። ብርዱ ግን ብርድ ነው፤ በክረምት ጉሙ ሳይገለጥ አይውጡ። ወደ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ለሦስተኛው ወር ይቆይ። ሲሄዱ በጠቅላላው ወደ ታች ነው፤ ሐይቁን ዓይተው ሲመለሱ ግን ደሴ ከፍ ብላ ተቀምጣ ታይዎታለች።

እርምጃ 6፦ የሳምንቱ አነዳድ

ሳምንቱ የሚቆጠረው መንዳት ከጀመሩበት ነው። አንደኛና ሁለተኛ ሳምንት፦ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ ሜዳ ላይ። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው፦ አራት ቀን፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ከሰባተኛው ጀምሮ፦ ሦስት ቀን 45 ደቂቃ፣ በዕረፍት ቀንዎ አንድ ረዘም ያለ፣ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ስለሆነ በዚህ መሃሉ ላይ ይደርሳሉ።

ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የወሎ ሰላምታ አለ። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲያገኙ «እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ አዝመራው እንዴት ነው» እያሉ ሳይቆራረጥ መጨረስ ከቻሉ አነዳድዎ ልክ ነው። መዝፈን ከቻሉ ትንሽ ይጨምሩ። «እንዴት» ብለው «አደሩ» ካልወጣልዎ ይቀንሱ። ከባድ ማርሽ ይዞ በጉልበት መግፋትም ስህተት ነው፤ እግርዎ በደቂቃ 70 ወይም 80 ጊዜ እንዲዞር ቀለል ያለውን ማርሽ ይምረጡ።

ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ጉዞ ግማሽ ሊትር ውሃ ብቻ ይበቃል። ረዘም ላለው አንድ ሙዝ ወይም ጥቂት ቴምር ይያዙ። ሲመለሱ መጀመሪያ ውሃ ይጠጡ፣ ይታጠቡ፣ ከዚያ ማዕድ ይቅረቡ። ያ ሃያ ደቂቃ የእኔን ሁለተኛ እንጀራ አስቀርቶልኛል።

በጦም ጊዜ

ጦም በራሱ አያከሳም። የጦም ወጥ ቅቤ የለውም እንጂ ዘይቱ አንዳንድ ቤት ከፍስኩ ይበልጣል፤ ትንሿ ጠርሙስ እዚህም ትሥራ። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት የሚጦሙ ከሆነ ጠዋት ሳይሆን ሊገድፉ አንድ ሰዓት ሲቀርዎ ይንዱ። በረመዳን ሙስሊም ጓደኛዬ የሚነዳው ከመግሪብ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት፣ ለስለስ አድርጎ ነው፤ ከዚያ በቴምርና በውሃ ያፈጥራል። የእሱ ጠላት ሳምቡሳ ነው። ዘይት የጠጣ ሊጥ መሆኑን እያወቀ በቀን ስድስት ይበላ ነበር፤ አሁን ሁለት ይበላል፣ ሾርባውን ያስቀድማል። ውሃ በማይጠጣበት ቀን ቀትር ላይ መንዳት ለማንም አልመክርም።

ሚዛኑ ሲቆም

ይቆማል። እኔ 87 ኪሎ ላይ አምስት ሳምንት ቆምኩ። ሰውነት ሲቀል የሚያቃጥለውም ይቀንሳል፤ በ94 ኪሎ የሠራው ሒሳብ በ87 አይሠራም። በተጨማሪም ማንኪያው ሾልኮ ይመለሳል። ሦስት ቀን የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ፣ ጉርሻውን ጭምር፣ በደብተር ይጻፉ። የእኔ ደብተር ያወጣው ጉድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በየቀኑ «ቅመሱ» እየተባለ የሚዞር ዳቦ ነበር። ዳቦውን ተውኩ፣ የዕረፍት ቀኑን ጉዞ በሃያ ደቂቃ አስረዘምኩ፣ ሚዛኑ ተንቀሳቀሰ። በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ ለመቀነስ ብለው ግን ምግብ አይዝለሉ፤ ከስቡ ጋር ጡንቻው ይሄዳል፣ ከዚያ ዳገቱን የሚወጣልዎ የለም።

የመጨረሻው እርምጃ፦ ሐረጎ

ቢያንስ ከሦስት ወር በኋላ፣ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት ሳይደክሙ መንዳት ሲችሉ። ከኮምቦልቻ ጎህ ሲቀድ ይነሡ፣ ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምሮ ቀላሉን ማርሽ ይያዙ፣ ሲኖትራክ ሲጠጋዎ ወርደው ያሳልፉት፤ መውረድ ነውር አይደለም። እኔ አራት ጊዜ ወርጃለሁ። ላብ ያረጠበው ልብስ ላይ የደሴ ነፋስ ሲያርፍ ያማል፤ ደረቅ ካናቴራና ጃኬት በቦርሳ ይያዙ፤ ሲወርዱ ደግሞ ያስፈልጉዎታል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ጨብጠው አይያዙ፤ ሁለቱንም ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ይውረዱ፣ ከኩርባው በፊት ይቀንሱ እንጂ ኩርባው ውስጥ አይሁን። ከመነሣትዎ በፊት የፍሬኑን ጎማ ይዩ፤ ካለቀ ይቀየር።

ደሴ ሲደርሱ ፒያሳ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። ሻዩ ከመቀዳቱ በፊት «ስኳር እንዳትጨምሪበት» ይበሉ፤ ብዙ ቦታ ስኳሩ አስቀድሞ ብርጭቆው ውስጥ ስለሚገባ ከመጣ በኋላ ቢናገሩ አይረዳዎትም። የእኔዋ አስተናጋጅ ሄልሜቴን አየች፣ ፊቴን አየች፣ «ከኮምቦልቻ በዚህ መጥተው?» አለችና አዝናልኝ ሦስት ማንኪያ ጨመረችበት።